ያልከፈሉት

ወረታ
ጥቅምት 19 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለአባቴ ለአባ ተክለ ሐዋርያት
ጣራ ገዳም

አባቴ፣ እንደምን ከረሙ? ጉልበትዎስ እንዴት ነው? እኛ እግዜር ይመስገን ደኅና ነን። ባለቤቴ ደረሰ እንደ ወትሮው ከሩዝ መፈልፈያው ሥራ ላይ ነው፤ ሰገን ስምንተኛ ክፍል ገብታለች። ሩዙም ዘንድሮ ጥሩ ይዟል። ሰላምታዬን ያሳጠርኩት ከአክብሮት ጎድዬ አይደለም። ጎረቤታችን መባ ጧፉን ጭና ነገ ጧት ወደ ገዳሙ ስለምትመጣ፣ ሳታመልጠኝ ልድረስባት ብዬ ነው።

ጊደሯ ወልዳ እንደሆነ ጠይቀውኛል። አልወለደችም። ሸጥኳት።

ከሌላ ሰው ከሚሰሙት ከእኔ ይስሙት። የዛሬ ሦስት ዓመት ሊመነኩሱ ሲሄዱ የላሟን ገመድ እጄ ላይ አድርገው፣ «ከዚህች የሚወለደው የሰገን መዳሪያ ነው» ያሉኝን አልረሳሁም። ወረታ ገበያ ላወጣት ግን አልደፈርኩም፤ የሚያውቅዎ ሰው ሁሉ በድሮ ስምዎ «የባየህን ጊደር?» እያለ ሊያቆመኝ ነው። ስለዚህ ይፋግ ወስጄ ሸጥኳት። የሰገን ናት ብለውኝ ነበር፤ እኔም ለሰገን አዋልኳት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ወረታ ላይ «የሜዳው ፈርጥ» የሚባል የታዳጊዎች እግር ኳስ ክለብ ተከፍቷል። ሰገን ከመፈልፈያው ጀርባ፣ ገለባው ከሚከመርበት ቦታ፣ ከወንዶቹ ጋር ስትጫወት አሠልጣኙ አያት። የኔነህ ይባላል፤ ከደብረ ማርቆስ የመጣ የስፖርት አስተማሪ ነው። ቤቴ ድረስ መጥቶ፣ «እትዬ ይርገዱ፣ ይቺ ልጅ በሁለቱም እግሯ ነው የምትመታ። እንዲህ ያለ ልጅ አይቼ አላውቅም» አለኝ። አባቴ፣ ስለ ልጄ እንዲህ ሲባል የሰማሁት ለመጀመሪያ ጊዜ ነው። ነጠላዬን ለብሼ ይዣት ሄድኩ።

የክለቡ ባለቤት አቶ አዛናው አንድ ወረቀት ሰጠኝ። መመዝገቢያ አለ። የወር መዋጮ አለ። መለያ አለ፣ ታኬታ አለ፤ ታኬታው ደግሞ ከእሱ ሱቅ ካልተገዛ አይሆንም።

«ኳሱስ ስንት ነው?» አልኩት።

«የምን ኳስ?»

«የሚጫወቱበት።»

«እሱ የክለቡ ነው» አለኝ፣ ሳይስቅ።

ደረሰ «በጊደር ጫማ ይገዛል?» ብሎ አንድ ሳምንት አኩርፎኝ ነበር። ከክለቡ የተረፈው ለሩዙ ማዳበሪያ ሲሆንለት መናገር ጀመረ። እርስዎም እንደሚቆጡ አውቃለሁ፤ ይቆጡ። ይቅርታ ልጠይቅ አልጻፍኩም። መዳሪያዋን ልስጣት ካልኩ፣ ወደምትወደው ነገር ልዳራት ብዬ ነው። ብቻ ለሷ በስሟ አንድ መስመር ይጻፉላት። «አያቴ ተቆጣ ወይ?» እያለች እያስጨነቀችኝ ነው።

ልጅዎ
ይርገዱ


ጣራ ገዳም
ኅዳር 6 ቀን 2017 ዓ.ም.

ልጄ ይርገዱ፣

የቁስቋም ማርያም በረከት ከአንቺና ከቤትሽ ጋር ይሁን። ጉልበቴ ዳገት ሲያይ ይታመማል፤ ለስግደት ግን እስካሁን እሺ ይለኛል።

ደብዳቤሽን አንብቤ ሁለት ቀን አኮረፍኩ። መነኩሴ ማኩረፍ የለበትም። እኔ አኮረፍኩ። አበምኔቱ «ምን ሆነሃል?» ቢሉኝ «ጊደር ሞታብኝ» አልኳቸው፤ ውሸቱ ደግሞ ሌላ ንስሐ አስገባኝ። ይኸው ነው ያደረግሽኝ።

አሁን አንድ ነገር ንገሪኝ። ሜዳ ላይ መሮጥ የሚከፈልበት ከመቼ ወዲህ ነው? ከርብ ወንዝ እስከ ጉማራ እግዜር ዳገት የሚባል ነገር ሳያስገባ የዘረጋው ሜዳ አይደለም ወይ ያደግሽበት? ይህ አዛናው የምትይው ሰው ምኑን ነው የሚሸጥላችሁ? ሣሩን ነው? ነፋሱን ነው? ለዳቦ ብትከፍይ ዳቦ ትበያለሽ። ለዚህ ከፍለሽ ያገኘሽው ልጅሽ ደክማ እቤት መግባቷን ነው።

ደግሞስ ሴት ልጅ ናት። ምን ለብሳ ነው የምትጫወተው? ማን እያያት? ነገ ሽማግሌ ልኮ የሚጠይቅ ቤተ ሰብ ይህን ሲሰማ ምን ይላል? አንቺ እንደሆነ ከልጅነትሽ የሰው ወሬ አይሞቅሽም አይበርድሽም። ለሷ ግን አስቢላት። የከፈልሽውን አስመልሺ፣ ጊደሯንም የገዛትን ሰው ፈልገሽ መልሰሽ ግዢ። ይህ የአባትሽ ቃል ነው።

ለሰገን፦ አያትሽ የተቆጣው በእናትሽ ነው እንጂ በአንቺ አይደለም። በሁለት እግር መምታት በአንድ እግር ከመምታት በምን እንደሚሻል ጻፊልኝ፤ አልገባኝም። ትምህርትሽን አጥኚ።

አባትሽ
አባ ተክለ ሐዋርያት


ወረታ
ጥር 13 ቀን 2017 ዓ.ም.

አባቴ፣

ሁለት ወር ሙሉ ዝም ስላልኩ ይቅር ይበሉኝ። በመካከሉ የላኩልኝ ሁለት ደብዳቤዎች ደርሰውኛል። ሰገን ስለ ሁለት እግር የጻፈችልዎትን አንብበው «አሁን ገባኝ» ማለትዎን ሰምታ ቤቱን በሳቅ ሞልታው ነበር። እኔ ግን ለጥያቄዎ የምመልሰው ስላልነበረኝ ብዕር አላነሣሁም።

ሰገን ጽፋልዎ ኖሮ «ለደብረ ታቦሩ ጨዋታ ተሰለፈች ወይ?» ብለዋል። አልተሰለፈችም።

ሁሉን ከፍለን ስንጨርስ የጉዞ የሚባል መጣ። ሩዙ ገና ከአውድማ አልተነሣም፣ እጃችን ባዶ ነበር። «ከሽያጩ በኋላ እንሰጣለን» ብለን ላክናት። ደረሰ «ወደ ደብረ ታቦር የሚሄድ መኪና አለ፣ ጆንያ አወርዳለሁ» ብሎኝ ሄደ። ለካስ ጨዋታውን ሊያይ ኖሯል። ከሜዳው ዳር ውሃ ስታመላልስ አገኛት። መለያዋን ለብሳ፣ ታኬታዋን አስራ፣ ለተሰለፉት ልጆች ውሃ ታድላለች። የጉዞ የከፈለ ሁሉ ተሰልፏል። ደረሰ ሲመለስ አልነገረኝም፤ እራቱን ሳይበላ ሲተወው ነው የጠየቅሁት።

ከገና በፊት ባለው ቅዳሜ የወላጆች ስብሰባ ተጠራ። አቶ አዛናው ከፊት ቆሞ፣ ክለቡ በመዋጮ እንደሚኖር፣ ከጥር ጀምሮ የወሩ ላይ ጭማሪ እንዳለ ተናገረ። እኔም እጄን አወጣሁ።

«የጉዞው ብር ለስንት ልጅ ተካፍሎ ነው? ደረሰኙስ የታል?»

«እትዬ፣ ደረሰኝ የሚጠየቅ ከሱቅ ነው።»

«ታኬታውን ከሱቅህ ነው የገዛሁት፤ የሱንም አልሰጠኸኝም።»

ሰው ሳቀ። እሱ ግን ፊቱ ተለዋወጠ። «ያልቻለ ልጁን ይዞ ይሂድ። በር ላይ ተሰልፎ የሚጠብቅ ሞልቷል» አለ።

አባቴ፣ ቁጭ ልል ነበር። ጉልበቴ እንቢ አለኝ።

«ጊደር ሸጬ ችያለሁ» አልኩት። «አሁን የምልህ አልችልም አይደለም። አልከፍልም ነው የምልህ።»

ሰገን ከኋላ ወንበር ተነሣች። መለያዋን ከቦርሳዋ አውጥታ፣ እንደ ሥጦታ ዕቃ አስተካክላ አጥፋ፣ ጠረጴዛው ላይ አኖረችው። ተያይዘን ስንወጣ ፀገነት የምትባል የሽንኩርት ነጋዴ ሁለት ልጆቿን ይዛ ተከተለችን። ሌላው ሰው ቁጭ አለ። ከሁሉ ያናደደኝ የኔነህ ነው። ያን ሁሉ ሲሰማ መሬት መሬት ያይ ነበር።

እቤት ስገባ ግን ድፍረቴ ሁሉ ጥሎኝ ሄደ። ጊደሯ የለች፣ ክለቡ የለ። ሰገን ከአጥር ውጭ ኳሷን ከግድግዳ ጋር ታጋጫለች፤ ድው፣ ድው፣ ድው። ማታ እስክትገባ እያንዳንዱ ድምፅ እኔን ነበር የሚመታ። አሁን እርስዎ «ነግሬሽ ነበር» ማለት ይችላሉ። ቢሉኝም መለያውን ሄጄ አላመጣም።

ልጅዎ
ይርገዱ


ጣራ ገዳም
ጥር 21 ቀን 2017 ዓ.ም.

ልጄ ይርገዱ፣

ዛሬ የአስተርእዮ ማርያም ናት፤ ደብዳቤሽን ከቅዳሴ በኋላ ነው ያነበብኩት። ሁለተኛ አነበብኩት። ከዚያ ለአንድ ወንድም አነበብኩለት፤ ዓይኑ ስለማያይ ነው ብዬ እንጂ ልመካ አይደለም። ምናልባት ትንሽ ልመካም ይሆናል።

«ነግሬሽ ነበር» አልልሽም። ጊደሯን መልሺ ያልኩሽንም አንሥቻለሁ። ውሃ የምታመላልሰው ልጅ ከዓይኔ አልጠፋ ብላኛለች። ከፍላ ያልገባች፣ ለብሳ ያልተሰለፈች። እኔ ሜዳው የእግዜር ነው እያልኩ ስከራከርሽ፣ ሰውየው ለካስ ሜዳውን ሳይሆን ልጆቹን ኖሯል እየመዘነ የሚሸጥ።

ከዚህ ቀጥሎ ምን እንደምታደርጊ ምክር ባትጠይቂኝም እነግርሻለሁ። ኳስ አላውቅም፤ መሬት ግን አውቃለሁ። ርብ ዳር ያለችው ረባዳዋ ማሳዬ በስሜ ናት። መነኩሴ መሬት የለውም፣ የቀበሌው መዝገብ ግን ገና አልመነኮሰም። ሩዙ ተነሥቶላታል። ደረሰ የሽንኩርት ችግኝ ሊያዛውርባት እንዳሰበ አውቃለሁ፤ ውሃውም ቅርብ ነው፣ ጥሩ ታበቅላለች። ለልጆቹ እንዲተዋት ለምኚው። አዛለሁ አላልኩም፤ ለምኚው። ከእሱ አፍ የሚወጣ እንጀራ ነውና። ክረምት ገብቶ ርብ እስኪሞላ ድረስ አራት ወር ደረቅ መሬት አላችሁ።

እግራቸውን እንዳይወጋቸው ከአጨዳ የቀረውን የሩዙን ጉቶ በመጥረቢያ ሳይሆን በመዶሻ አድቅቁት። ጭቃው የተሰነጠቀበትን ቦታ በአፈር ሙሉት፤ የልጅ ቁርጭምጭሚት ይሰብራል።

ማን ያሠለጥናቸዋል? ምን ይለብሳሉ? ዐቢይ ጾም ሲገባስ እንዴት ሊሆኑ ነው? ጻፊልኝ። ሁለት ወር አታስጠብቂኝ።

አባትሽ
አባ ተክለ ሐዋርያት


ወረታ
መጋቢት 8 ቀን 2017 ዓ.ም.

አባቴ፣ ጾሙ እንዴት ይዞዎታል?

ከደረሰ ልጀምር። ደብዳቤዎን አነበብኩለት። ምሳውን በልቶ ጨረሰ። እጁን ታጥቦ፣ «ሽንኩርቱስ?» አለኝ። «አባቴ ለምኚው ነው ያሉኝ፤ እየለመንኩህ ነው» አልኩት። «ለምኚው አሉሽ?» ብሎ ደጋግሞ ጠየቀኝ። እርስዎ እሱን ለምነው አያውቁማ። በማግሥቱ ከማሳው ግማሹን በገመድ ለካ፤ ግማሹ ለሽንኩርት፣ ግማሹ ለኳስ። ስለዚህ ሜዳችን ቁመቱ ያጥራል፣ ኳሷም በየደቂቃው ሽንኩርት ውስጥ ትገባለች። ደረሰ መጀመሪያ ይጮህ ነበር። አሁን ጮክ ብሎ የሚጮኸው ልጆቹ ግብ ሲስቱ ነው። ሁለቱንም የግብ ቋሚዎች ከጓሯችን ባሕር ዛፍ ቆርጦ ያቆመ እሱ ነው።

ልጆቹ አሥራ ሰባት ደርሰዋል። አምስቱ ከክለቡ የወጡ ናቸው። የቀሩት ከቶ ክለብ ደጃፍ ደርሰው የማያውቁ፣ ከሩዝ አጨዳና ከውሃ መቅዳት የመጡ ናቸው። ግብ ጠባቂያችን ነፃነት ኳስ ከነካች ገና ሁለተኛ ወሯ ነው፤ ወፍ ስትጠብቅ በወንጭፍ የለመደች እጅ ስላላት ግን ምንም አያመልጣት። በረጅም ሱሪና ባለ እጅጌ ካናቴራ ነው የሚጫወቱ፣ ይህን ስለ ልብሱ ለጠየቁኝ። ታኬታ ያላቸው አምስቱ ብቻ ናቸው። ተቀይራ የምትወጣዋ ሜዳው ዳር ቁጭ ብላ ታወልቃለች፣ የምትገባዋ ታጠልቃለች። ቁጥሩ ካልሆነ ጫፉ ላይ ጨርቅ ይጠቀጠቃል።

አሠልጣኝ ለጠየቁኝ፣ በመጀመሪያው ቅዳሜ አንድ ሰው ከመንገዱ ወዲያ ቆሞ ሲያየን ዋለ። በሁለተኛው ቅዳሜም መጣ። በሦስተኛው ሄድኩና «ገብተህ ወይም ሄደህ አሳርፈን» አልኩት። የኔነህ ነው።

«ያን ቀን ዝም ያልኩት የቤት ኪራዬን የሚከፍለው አዛናው ስለሆነ ነው» አለኝ።

«አሁንስ?»

«ለቅቄ ወጣሁ። ፀገነት አንድ ክፍል ሰጥታኛለች። ለልጆቿ ሂሳብ አስጠናበታለሁ።»

ሰገን ኳሷን ወረወረችለት። ጾሙን ሁሉም እየጾሙ ነው። እሱም ሩጫውን ቀንሶ ኳስ መቀባበል ብቻ ያሠራቸዋል።

ለወረዳው ውድድር ልናስመዘግብ ሄደን፣ ጸሐፊው «የቡድኑ ስም?» አለ። እኔ የርብን ስም አስቤ ነበር። ልጆቹ ለካ ተማክረው መጥተዋል።

«ያልከፈሉት» አለች ሰገን።

«ይሄ ስም አይደለም እኮ፣ ልጄ።»

«ሌላ የለንም።»

ሰውየው እኔን አየኝ። እኔ ጣራውን አየሁ። ጻፈው።

ልጅዎ
ይርገዱ


ወረታ
ግንቦት 4 ቀን 2017 ዓ.ም.

አባቴ፣

ተሸነፍን። ደስታዬን ግን በምን እንደምጽፈው አላውቅም።

ሚያዝያ ሃያ ስድስት፣ እሑድ፣ በከተማው ሜዳ ከ«የሜዳው ፈርጥ» ጋር ተጋጠምን። እነሱ ባለ ቁጥር መለያ፣ አንድ ዓይነት ካልሲ። የእኛዎቹ ካናቴራቸውን ፀገነት በሽንኩርት ልጣጭ ቀቅላ አንድ ዓይነት ቢጫ አድርጋላቸዋለች። ሲገቡ ሰው ሳቀ። በአጭር ሜዳ ስለለመዱ ረጅሙ አደከማቸው፤ ከዕረፍት በፊት ሁለት ገባብን። ከዕረፍት በኋላ ሰገን አንዱን በቀኝ፣ ሌላውን በግራ አገባች። ያን ጊዜ ሕዝቡ፣ ባለ ባጃጁ፣ ከበረንዳ የወጣው ጫኝና አውራጁ፣ «ያልከፈሉት! ያልከፈሉት!» እያለ ሜዳውን አናወጠው። አዛናው ከክብር ወንበሩ ተነሥቶ ሲቆም በዓይኔ አየሁ። ሊያልቅ ሲል ሦስተኛ አገቡብንና ሦስት ለሁለት ወጣን። ሲወጡ ግን የተጨበጨበው ለእኛዎቹ ነው። ደረሰ ሲያለቅስ ሰገን ነች ያባበለችው።

አሁን ደግሞ የባሰውን ይስሙ። ማክሰኞ ዕለት አዛናው ቤቴ መጣ። ቁጭ በል አልኩት፣ አልተቀመጠም።

«ባሕር ዳር የታዳጊዎች ማሠልጠኛ አለ» አለኝ። «ሁለት ሰዎች እሑድ ጨዋታውን አይተው ሰገንን ጠይቀዋል። መኝታውም፣ ምግቡም፣ ትምህርቱም በእነሱ ነው። የሚቀበሉት ግን ከክለብ ብቻ ነው። ስሟን ወደ እኔ ልመልሰውና እኔ ልላካት። ምንም አትከፍሉም።»

«ምንም?»

«ምንም።»

«እኛም ምንም አንሰጥህም» አልኩት። «ውሃ ስታመላልስልህ የነበረችውን ልጅ ዛሬ የእኔ ነች ልትል መጣህ? ውጣልኝ።» የሰዎቹን ስልክ የጻፈበትን ወረቀት እፊቱ ቀድጄ ምድጃ ውስጥ ጨመርኩት። በሩ ድረስ ሸኘሁት፤ ጨዋነት አልጎደለኝም።

አባቴ፣ ያን ቀን ቁመቴ የጨመረ መሰለኝ። እርስዎ እዚህ ቢኖሩ እንዴት ደስ ይልዎት እንደነበር እያሰብኩ ነው ይህን የምጽፍልዎ። ሰገን ይህን ከሰማች ወዲህ ከእኔ ጋር አትነጋገርም። ልጅ ናት፣ ይበርድላታል።

ልጅዎ
ይርገዱ


ጣራ ገዳም
ግንቦት 15 ቀን 2017 ዓ.ም.

ልጄ ይርገዱ፣

ልጅቷን ጠየቅሻት ወይ?

ሌላውን ሁሉ አንብቤ ደስ ብሎኛል፤ ሁለቱን ግቦች ለወንድሞች ነግሬያለሁ። ወረቀቱ ምድጃ ውስጥ ከገባበት መስመር ወዲህ ግን ማንበብ አቃተኝ። ያየሁት አንቺን አይደለም፣ ራሴን ነው። ለሃያ ሁለት ዓመት ለንስሐ አባቴ እንጂ ለሌላ ሰው ያልነገርኩትን አሁን እጽፍልሻለሁ።

ሰባተኛ ክፍል በጨረስሽበት በ1995 ዓ.ም. ክረምት፣ መምህርሽ ሰውመሆን ቤታችን መጥቶ ነበር። አንቺ ከእናትሽ ጋር አረም ላይ ነበርሽ። «ይህችን ልጅ እንዳታስቀሯት» አለኝ። ወረታ እኅቱ ቤት እንደምትኖሪ፣ ደብተሩንም ልብሱንም እሱ እንደሚችል፣ ከእኔ የሚፈልገው እሺታዬን ብቻ እንደሆነ ነገረኝ። ለአንቺ «አቅም የለኝም» ነው ያልኩሽ። ውሸት ነው። አቅም አልተጠየቅሁም።

«የባየህን ልጅ ሌላ ሰው አያስተምራትም» አልኩት። እኔም በሩ ድረስ ሸኘሁት። እኔም ያን ቀን ቁመቴ የጨመረ መስሎኝ ነበር።

አንቺን አልጠየቅኩሽም። መጠየቅ የሚባል ነገር በሐሳቤ አልመጣም። የተናቅሁ እኔ፣ የመለስኩ እኔ፣ የቀረሽው አንቺ።

አዛናው ክፉ ሰው ሊሆን ይችላል፤ ሰውመሆን ደግ ሰው ነበር። አንቺና እኔ ግን በሩን የዘጋነው በአንድ ዓይነት እጅ ነው። እኔ አልፎብኛል። አንቺ ገና አላለፈብሽም። ሂጂና ጠይቂያት።

ይቅር በይኝ ለማለት ድፍረቱ የለኝም። አባትሽ ነኝ ብዬ ግን ይህን ልደብቅሽ ከእንግዲህ አልችልም።

ባየህ
(አባ ተክለ ሐዋርያት)


ወረታ
ነሐሴ 28 ቀን 2017 ዓ.ም.

አባቴ፣

ከዚያ ወዲህ የላኩልኝን ሦስት ደብዳቤዎች ተቀብያለሁ። ታምሜ እንደሆነ ጠይቀዋል፤ አልታመምኩም። ተቀይሜ ነበር። አሁንም ሙሉ በሙሉ አልወጣልኝም፤ እንዲያውቁት ብዬ ነው።

አቅም ማጣትማ አይቆጨኝም ነበር። የቆጨኝ ሌላ ነው። ያን ክረምት መምህር ሰውመሆን መንገድ ላይ ሲያየኝ አንገቱን አቀርቅሮ ያልፈኝ ነበር። ሰነፍ ስለሆንኩ ያፈረብኝ ነበር የመሰለኝ። አባቴ፣ እኔ እኮ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ጭንቅላቴ ትምህርት የማይቀበል እየመሰለኝ ነው የኖርኩት። ገበያ ላይ ሂሳብ ከሁሉ ቀድሜ ስደርስበት እንኳ «ይህ እኮ ትምህርት አይደለም» እያልኩ ራሴን ዝቅ አደርግ ነበር። «ይቅር ብዬዎታለሁ» ብዬ ሦስት ጊዜ ጽፌ ሦስት ጊዜ ቀደድኩት። ገና ነው። ሲሆንልኝ ከእኔው ይሰሙታል።

ያዘዙኝን ግን በዚያው ሳምንት አድርጌያለሁ። ሰገንን ሜዳው ዳር አስቀምጬ ደብዳቤዎን ሰጠኋት። አንብባ ስትጨርስ ወረቀቱን መልሳ ሰጠችኝ።

«አያቴ ይህን በእጁ ጻፈው?» አለችኝ።

«በእጁ።»

«እናቴ፣ ስለ እኔ መናደድሽ ልክ ነው። ስለ እኔ መመለስሽ ግን ልክ አይደለም።»

«ይቅር በይኝ» አልኳት። ለልጄ ይህን ቃል ስናገር የመጀመሪያዬ ነው፤ እንደፈራሁት አይከብድም። «ታዲያ መሄድ ትፈልጊያለሽ?»

«እፈልጋለሁ። በአዛናው ስም ግን አልሄድም።»

የሰዎቹን ስልክ ቁጥር እኔ አቃጥዬዋለሁ። ስለዚህ አንገቴን ደፍቼ ወደ አዛናው ሱቅ ልሄድ ተነሣሁ። ሰገን ከለከለችኝ። የኔነህን ይዛ ወደ ወረዳው ስፖርት ጽሕፈት ቤት ሄደች። ለካስ ሰዎቹ አድራሻቸውን እዚያ ትተው ሄደዋል፤ የጠየቁትም «ከያልከፈሉት ቡድን በሁለቱም እግሯ የምትመታዋን» ብለው በጽሑፍ ነው። ከክለብ ብቻ ነው የሚቀበሉ ያለው የአዛናው ፈጠራ ነበር። ለፈተና ሲጠሯት፣ «ግብ ጠባቂያችንንም እዩልኝ፣ ካላያችኋት ብቻዬን አልመጣም» ብላ በስልክ ተከራከረች። አሥራ አምስት ዓመቷ ነው፣ አባቴ። እኔ በአጠገቧ ቆሜ «አፍሽን ያዢ» ልላት ምላሴ ላይ ደርሶ መለስኩት።

ሐምሌ ላይ ሁለቱም ተፈተኑ። ሰገን አለፈች። ነፃነት አላለፈችም፤ «ዓመት ተመለሺ» አሏት። ከአውቶብሱ ስትወርድ ተሸፋፍና ስታለቅስ ነበር። ሁለት ቀን ቆይታ ግን በሯችንን አንኳኩታ፣ «መስከረም አልፎ ሩዙ እስኪነሣ የት ነው የምንለማመድ?» አለችን። ማሳው አሁን ሩዝ ነው፤ ውሃው እስከ ቁርጭምጭሚት ሞልቶታል። ደረሰ የግብ ቋሚዎቹን ነቅሎ ከበረት አጠገብ አጋድሟቸዋል፤ የኔነህም ከመፈልፈያው ጀርባ ያለውን ገለባ የማስነሣት ጉዳይ ይዞ ባለቤቱን እየተሟገተ ነው። አዲስ ሊገቡ የመጡ ስድስት ልጆች አሉ። አንደኛዋ ክለቡ ውስጥ ለዓመት ሙሉ ከፍላ የነበረች ናት።

ሰገንን መናኸሪያ የሸኘናት ነሐሴ ሃያ ነው። እንዳናለቅስ ተማምለን ነበር። ስትሳፈር ግን ደረሰ ቀድሞ መሐላውን አፈረሰ፣ እኔም ተከተልኩት። እሷ በመስኮቱ አንገቷን አውጥታ፣ «እናቴ፣ አሁን ደግሞ ለራስሽ ተናደጂ» አለችኝ። ሹፌሩ ሞተሩን አስነሣ፤ ምን ማለትሽ ነው ብዬ ሳልጠይቃት ሄደች።

ለሳምንት ያህል ቃሏን ሳመላልስ ሰነበትኩ። ትናንት ጧት ሩዝ ላስፈለፍል የወጣሁት ሴትዮ ጆንያዬን ለደረሰ ትቼለት፣ የማታ ተማሪ ወደሚመዘግበው ትምህርት ቤት ሄድኩ። ከአሥራ ስድስት ዓመት ልጆች ኋላ ተሰለፍኩ። ተራዬ ሲደርስ መዝጋቢው ቀና ብሎም አላየኝ።

«ስንተኛ ክፍል?» አለ።

«ስምንተኛ።»

«የልጅሽ ሙሉ ስም?»

«ልጄ ባሕር ዳር ናት» አልኩት። «የእኔን ጻፍ።»

ይርገዱ ባየህ